ቤት ውስጥ ለሚቀዳ ድምፅ የትኛው ማይክ ይሻላል? ከክፍሉ ጀምረን እንምረጥ

ቤቱ ውስጥ ዘፈን፣ መዝሙር ወይም ትረካ ለመቅዳት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ማይክ ጥሩ ነው?" ብሎ ነው። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የምትቀዱበት ክፍል ምን ይመስላል? አፋችሁ ከማይኩ ምን ያህል ይርቃል? ዋጋው፣ ብራንዱ፣ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ግምገማ ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ሺህ ዶላር የሚያወጣ ማይክ ባዶ ሳሎን ውስጥ ቢተከል ባዶ ሳሎኑን አጥርቶ ይቀዳዋል እንጂ ድምፃችሁን አያሳምረውም።

እዚህ የማነጻጽረው በእጃችን ሊገቡ የሚችሉትን ነው። ከዳይናሚክ ወገን (ሽፋኑ ጥቅል ሽቦ ተሸክሞ የሚንቀሳቀስ ማይክ) ሹር ኤስኤም 58 እና ኤስኤም 7ቢ አሉ። ከኮንደንሰር ወገን (ስስ ሽፋን ያለው፣ ለመሥራት ኃይል የሚፈልግ ማይክ) ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 እና ኤቲ 2035፣ እንዲሁም ሮድ ኤንቲ 1 አሉ። ያለ ሳውንድ ካርድ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ከሚሰኩት ሳምሰን ኪው2ዩን መርጫለሁ። በርካሽነቱ በየቦታው የሚታየውን ቢኤም 800ንም አልዘለውም፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው በእሱ ነውና። ዋጋ ስጠቅስ የአሜሪካን ገበያ ግምት ነው የምጠቅሰው። እዚህ ያለው የብር ዋጋ ከዶላር ጋር ስለሚሮጥ ዛሬ የተጻፈው ለነገ አይሆንም። የትኛው ከየትኛው እንደሚወደድ ግን ከዚያ መረዳት ይቻላል።

ክፍሉን ስሙት

ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው እዚያው ሞቶ ከቀረ ጥሩ ነው። ጭራ አውጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ "ትርርር" ካለ፣ ያ ጭራ እያንዳንዱ ቃላችሁ ላይ ይለጠፋል። የኮንዶሚኒየም ክፍሎች በዚህ በኩል ያስቸግራሉ። ጣሪያው ኮንክሪት፣ ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት ነው። ሁሉም የደረሳቸውን ድምፅ መልሰው ይወረውራሉ። ምንጣፍ፣ ሶፋና ወፍራም መጋረጃ ያለበት ሳሎን ይሻላል። ከሁሉም የምመርጠው ግን ልብስ የታጨቀበት ቁም ሳጥን ያለውን መኝታ ቤት ነው። ፍራሹም፣ ብርድ ልብሱም፣ የተሰቀለው ልብስም ድምፅ ይውጣሉ።

ከማስተጋባቱ ሌላ ጫጫታው አለ። የስልካችሁን መቅጃ ክፈቱና ልትዘፍኑ ባሰባችሁበት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ዝምታ ቅዱ። ከዚያ ሄድፎን አድርጋችሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። ፍሪጁ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የባጃጅ ሞተር፣ ውሻው፣ ከሩቅ የሚመጣው የድምፅ ማጉያ ሁሉ ይወጣል። ጆሯችሁ ስለለመደው ነበር የማትሰሙት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ደግሞ ክረምት ላይ ሰማዩን እያያችሁ ነው ቀረጻ የምትይዙት። ለቆርቆሮ ዝናብ መፍትሔ የሚሆን ማይክ እስካሁን አልተሠራም።

ክፍሉን ማስተካከል ማይክ ከመግዛት ይረክሳል፤ ቦታውን ካወቁት። ለድምፃዊ የሚመከሩት ማይኮች አብዛኞቹ ካርዲዮይድ የሚባሉት ናቸው። ከፊታቸው የመጣውን በደንብ ይሰማሉ፣ ከጎን የመጣውን ቀነስ ያደርጉታል፣ ከጀርባቸው የመጣውን በጣም ያዳክሙታል። እናንተ ማይኩ ፊት ስትቆሙ ማይኩ እናንተን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ከጀርባችሁ ያለውን ግድግዳም ያያል። ስለዚህ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የቆመ ፍራሽ መኖር ያለበት ከእናንተ ጀርባ ነው። ብዙ ሰው ግን ስፖንጁን ከማይኩ ጀርባ ለጥፎ፣ የራሱን ጀርባ ለባዶ ግድግዳ ይሰጣል። የእንቁላል ካርቶን ነገር ደግሞ ይቅር። ክፍሉን ያስጠላዋል እንጂ ማስተጋባቱን አያጠፋውም።

ዋናው ነገር ርቀት ነው

"ዳይናሚክ ማይክ የክፍሉን ድምፅ አይወስድም" ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹን ብቻ ይዞ የሚገዛ ሰውም ይከስራል። ሁለት ካርዲዮይድ ማይኮች፣ አንዱ ዳይናሚክ አንዱ ኮንደንሰር፣ ከአፋችሁ እኩል ርቀት ላይ ቢቀመጡ የክፍሉን ማስተጋባት የሚወስዱበት መጠን ይቀራረባል። ልዩነቱን የሚያመጣው አጠቃቀማችን ነው። ኤስኤም 58ን ከንፈር እስኪነካ አስጠግተን እንዘፍናለን። ኮንደንሰሩን ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል አርቀን እናቆመዋለን።

ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ከአፋችሁ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይቀንሳል። ከ5 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስትርቁ ሁለት ጊዜ እጥፍ ሆነ፤ 12 ዴሲቤል ገደማ ጠፋ ማለት ነው። ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ግን እዚያው ነው፣ አልቀነሰም። እናንተ የጠፋውን ለመመለስ ጌይኑን (ከማይኩ የሚመጣውን የሚያጎላውን መጠን) ስትጨምሩ ማስተጋባቱም፣ ፍሪጁም፣ ጎረቤቱም አብረው ያድጋሉ። ቀረጻው "ሽንት ቤት ውስጥ የተቀዳ ይመስላል" የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

"ታዲያ ኮንደንሰሩንም ለምን አፌ ሥር አላስጠጋውም?" ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ካርዲዮይድ ማይክ ሲቀርቡት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል። ኤስኤም 58 ሰው እንደሚጠጋው ታስቦ ስለተሠራ ታችኛው ድምፅ ቀድሞ ተቀንሶለታል፤ ስትጠጉት ሚዛኑ ይመለሳል። ለስቱዲዮ የተሠራ ኮንደንሰር ግን ታችኛውን ድምፅ ሙሉውን ይዞ ስለሚመጣ አፍ ሥር ሲገባ ይደፈርሳል። ትንፋሹ፣ የምራቁ ድምፅ፣ የከንፈሩ መላቀቅ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል።

እንግዲህ ምርጫው ወደዚህ ይጠባል፦ ክፍላችሁ ስንዝር ርቃችሁ እንድትዘፍኑ ይፈቅድላችኋል ወይስ አይፈቅድም? ከፈቀደ ኮንደንሰር። ካልፈቀደ ዳይናሚክ።

ኤስኤም 58፦ ብዙ ሰው የሚንቀው ጥሩ ምርጫ

ኤስኤም 58 ከ1966 ጀምሮ እየተሠራ ያለ ማይክ ነው። መድረክ ላይ ስለለመድነው "የመድረክ ነው፣ ለስቱዲዮ አይሆንም" ይባላል። አልስማማም። የሚይዘው ድምፅ ከ50 እስከ 15,000 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ነው። ኮንደንሰሮቹ እስከ 20,000 ሄርዝ ይወጣሉ፤ ከላይ ያለው "አየር" የሚባለው ስስ ብርሃን የሚገኘው እዚያ ነው። ይህ ልዩነት ጸጥ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ ይሰማል። ባስና ከበሮ ገብቶበት በስልክ ስፒከር በሚደመጥ ዘፈን ላይ ግን አድማጩ አይለየውም። የክፍል ማስተጋባትን ግን ማንም ሰው፣ ሙያውን የማያውቀውም ጭምር፣ ወዲያው ይለየዋል። አንዴ ከተቀዳ በኋላ ደግሞ በፕለጊን (በመቅጃ ፕሮግራሙ ላይ በሚጨመር ማስተካከያ) ማጽዳት አስቸጋሪ ነው፤ ማስተጋባቱ ሲወጣ የድምፁን ሥጋም ይዞ ይወጣል። የጎደለውን "አየር" በኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ በሚያመዛዝነው) ትንሽ መጨመር ግን ቀላል ነው።

ሌላው ነገር ጥንካሬው ነው። ቢወድቅ፣ አቧራ ቢነካው፣ ላብና ትንፋሽ ቢያርፍበት አይበገርም። ፍርግርጉ ተፈትቶ ይታጠባል። ፋንተም ፓወር (ከሳውንድ ካርዱ በኬብሉ ወደ ማይኩ የሚላክ ኃይል) አይፈልግም። ዋጋው በአሜሪካ 100 ዶላር አካባቢ ነው። ቤት ውስጥ ስትቀዱበት ከእጃችሁ አውጥታችሁ ስታንድ ላይ አቁሙት፣ ከፊቱ ፖፕ ፊልተር (የትንፋሽ ምት የሚያግድ መረብ) አድርጉለት፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቀርባችሁ ዝፈኑ።

ድክመቱም አለ። ቅርብ ስለሆናችሁ ትንሽ ስትንቀሳቀሱ ድምፁ ይለዋወጣል። ትዝታ የሚዘፍን ሰው አስቡ። የመጀመሪያው ስንኝ እንደ ማንሾካሾክ ይወጣል፣ ሦስተኛው ላይ ጉሮሮው ሙሉ ይከፈታል፣ እርግርግታው ይከተላል። በእነዚህ መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ሰፊ ነው። ማይክ የለመደ ድምፃዊ ከፍ ሲል ራቅ፣ ዝቅ ሲል ጠጋ ይላል። ያልለመደ ሰው ሁለቱን ክፍል ለየብቻ፣ በተለያየ ጌይን ቢቀዳ ይሻለዋል።

ኤስኤም 7ቢ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጌይኑን አስሉ

ይህ ማይክ በየፖድካስቱ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይመኘዋል። ጥሩ ማይክ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ የሚይዘውም እስከ 20,000 ሄርዝ ነው። ዋጋው ወደ 400 ዶላር ይጠጋል። ወጪው ግን እዚያ አያበቃም።

የሚያወጣው ሲግናል በጣም ትንሽ ነው። ቁጥሩን ላሳያችሁ። በእኩል ድምፅ ፊት ኤስኤም 7ቢ 1.12 ሚሊቮልት ሲያወጣ፣ ኤስኤም 58 1.85 ሚሊቮልት፣ አምስተኛው ትውልድ ኤንቲ 1 ደግሞ 25 ሚሊቮልት ገደማ ያወጣል። ከሃያ እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ሹር ራሱ ለኤስኤም 7ቢ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን ያስፈልጋል ይላል። ብዙ ቤት የሚገኘው ሳውንድ ካርድ፣ ፎከስራይት ስካርሌት ሦስተኛው ትውልድ፣ የሚሰጠው 56 ነው። ጌይኑን እስከ መጨረሻ አዙራችሁም ድምፃችሁ ዝቅ ይላል፣ "ሽሽሽ" የሚለው ከሥር ይከተላል። የስካርሌት አራተኛው ትውልድ 2አይ2 69 ዴሲቤል ስለሚሰጥ እሱ ይበቃዋል። በአሮጌው የምትሠሩ ከሆነ ክላውድሊፍተር የመሰለ ማጉያ በመሃል መጨመር አለባችሁ፤ እሱም በግምት የአንድ ኤስኤም 58 ዋጋ ያወጣል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በ2023 የወጣው ኤስኤም 7ዲቢ ማጉያው ውስጡ ተሠርቶለታል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ከ750 ግራም በላይ ይመዝናል። ርካሽ ስታንድ ላይ ብታስሩት ቀስ እያለ ይሰግዳል። ለዜና ንባብ፣ ለትረካ፣ ለፖድካስት በየቀኑ ለሚሠራና ገንዘቡ ላለው ሰው እመክረዋለሁ። ገና ለሚጀምር ዘፋኝ ግን አልመክርም። ያ ገንዘብ ኤስኤም 58፣ ሳውንድ ካርድ፣ ሄድፎንና ስታንድ ይገዛል።

ኮንደንሰሮቹ

ኮንደንሰር በጣም ስስ የሆነ ሽፋን አለው። ዳይናሚኩ ላይ ሽፋኑ ጥቅል ሽቦ ተሸክሞ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ እዚህ ግን ምንም አይሸከምም። ስለዚህ ፈጣን ነው። የአማርኛን ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸ አስቡ። ምላስና ጉሮሮ ተባብረው ቆልፈው በድንገት ሲለቁ የሚወጣው ስለታም ጫፍ ኮንደንሰር ላይ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ቃሉ ይጠራል፣ ግጥሙ ይገባል። ለትረካና ለመዝሙር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በዚያው ልክ ሰ እና ሸ ጆሮ ሊወጉ ይችላሉ። ያኔ ማይኩን ትንሽ ወደ ጎን ማዞር ወይም ከአፍ መስመር ከፍ አድርጎ ማቆም ያረግበዋል።

እነዚህ ኮንደንሰሮች በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የማይክ መሰኪያ) ሲሰኩ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ይፈልጋሉ። ሳውንድ ካርዳችሁ ላይ "48" የሚል ቁልፍ ካለ ይበቃል።

በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ለመለየት አንድ ቁጥር ፈልጉ፦ የማይኩ የራሱ ሹክሹክታ። ማንም ሳይናገር ማይኩ ራሱ የሚያመጣው ኖይዝ ነው። ኤቲ 2020 ላይ 20 ዴሲቤል ነው። ኤቲ 2035 ላይ 12 ነው። አምስተኛው ትውልድ ኤንቲ 1 ላይ 4 ብቻ ነው። ጮክ ብሎ ለሚዘፍን ሰው 20ም ችግር የለውም፣ በድምፁ ይሸፈናል። ቀስ ብሎ ለሚተርክ ወይም በገና እየደረደረ ለሚዘምር ሰው ግን ከቃል በኋላ ባለው ዝምታ ውስጥ ይሰማል።

ኤቲ 2020 100 ዶላር ገደማ ነው፤ ጥሩ መነሻ ነው። ታችኛውን ጉምጉምታ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ግን የለውም። ኤቲ 2035 ከ150 ዶላር ብዙ የማይርቅ ሲሆን ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማብሪያ፣ 10 ዴሲቤል የሚቀንስ ሌላ ማብሪያና ንዝረት የሚከላከል መያዣ ይዞ ይመጣል። መንገድ ዳር ለሚኖር፣ የመኪና ጉምጉምታ በወለሉ ለሚመጣበት ሰው ልዩነቱ ገንዘቡን ያወጣል። ከሁለቱ ኤቲ 2035ን እመርጣለሁ፤ ብዙም አላመነታም። ኤንቲ 1 ወደ 250 ዶላር ነው። አምስተኛው ትውልድ ኤክስኤልአርም ዩኤስቢም ስላለው ሳውንድ ካርድ እስክትገዙ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ትሰኩታላችሁ። ክፍሉን ላስተካከለ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው።

ስለ አቀማመጣቸው አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሦስቱ የሚሰሙት በጎናቸው እንጂ በአናታቸው አይደለም። ኤንቲ 1 ላይ ያለችው ወርቃማ ነጥብ ፊቱን ታመለክታለች፤ ኦዲዮ ቴክኒካዎቹ ላይ አርማው ያለበት ጎን ነው። እንደ ኤስኤም 58 አናቱ ላይ የሚዘፍን ሰው ብዙ አለ፤ ከዚያ "ማይኩ ደብዛዛ ነው" ይላል።

ኮንደንሰር ያለ ጥርጥር የሚያሸንፍበት ቦታም አለ። ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ በአንድ ማይክ የምትዘምሩ ከሆነ ወይም አንድ ሰው ክራር ወይም ማሲንቆ እየተጫወተ የሚዘፍን ከሆነ፣ ርቀት ግዴታ ነው። ዳይናሚኩ እዚያ ይደክማል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ክፍሉን አስተካክላችሁ ኮንደንሰር ግዙ።

ቢኤም 800ን በተመለከተ፣ ብዙውን ጊዜ ከስታንድና ከስፖንጅ ጋር ተጠቃሎ የሚሸጥ ስለሆነ ያጓጓል። ጥቅሉ ውስጥ የሚመጣው ኬብል በአንድ ጫፉ ኤክስኤልአር፣ በሌላው የሄድፎን ዓይነት ቀጭን ጃክ ነው። ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ 48 ቮልቱን አያገኝም፤ ከላፕቶፑ የሚደርሰው ጥቂት ቮልት ነው። ድምፁ ትንሽ፣ ኖይዙ ብዙ ይሆናል። እጃችሁ ላይ ካለ አትጣሉት፤ በትክክለኛ የኤክስኤልአር ኬብል ፋንተም ካለው ሳውንድ ካርድ ጋር ሞክሩት፣ ይሻሻላል። ገና ልትገዙ ከሆነ ግን ትንሽ ጠብቃችሁ ኪው2ዩ ግዙ።

ሳውንድ ካርድ ለሌለው

ሳምሰን ኪው2ዩ ዳይናሚክ ነው። ዩኤስቢም ኤክስኤልአርም አለው፣ ዋጋውም ከ100 ዶላር አይበልጥም። ሄድፎን የሚሰካበት ቀዳዳ ማይኩ ላይ ስላለ ድምፃችሁን ሳይዘገይ ትሰማላችሁ። ይህ ለዘፋኝ ወሳኝ ነው። በኮምፒውተሩ ዞሮ የሚመጣ ድምፅ ትንሽ ስለሚዘገይ ምት ያስታል። በተስማሚ ማገናኛ ስልክ ላይም ይሰካል። ነገ ሳውንድ ካርድ ስትገዙ ማይኩን መቀየር አይጠበቅባችሁም፤ ኬብሉን ብቻ ትቀይራላችሁ። ዩኤስቢ ብቻ ያላቸውን ማይኮች የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

መብራትና "እምምም" የሚለው ድምፅ

ብዙ ቤት ውስጥ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው የመብራት መስመር) በትክክል አልተዘረጋም። ቀረጻው ላይ የማያቋርጥ "እምምም" ከሰማችሁ ማይኩን ከመክሰሳችሁ በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ከጠፋ ችግሩ መብራቱ ነው። ካልጠፋ ኬብሉን ቀይሩ። ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ሳውንድ ካርድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ መብራት ቢሄድም ላፕቶፑ እስከቆየ ድረስ ትቀዳላችሁ። እንዲያውም ፍሪጁ ዝም ስለሚል፣ የጎረቤት ጀነሬተር እስካልተነሳ ድረስ፣ ያቺ ሰዓት ለቀረጻ ምቹ ናት።

ጌይኑን ስታስተካክሉ በ24 ቢት (መቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚመረጥ የጥራት ደረጃ) ቅዱ። ከዘፈኑ ከፍተኛውን ቦታ ዘፍናችሁ የፕሮግራሙ ሜትር ከዜሮ በ10 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ፣ ማለትም ኔጌቲቭ 10 አካባቢ እንዲቆም አድርጉ። ቀይ ከነካ የተቀደደው አይጠገንም።

እኔ ብሆን

ባዶ ግድግዳ ያለው የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ብቻዬን የምዘፍን ብሆን ኤስኤም 58 እና አንድ ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ እገዛለሁ። ለሄድፎን አልሳሳም፤ ጆሮ የሚደፍን፣ ድምፅ ወደ ማይኩ የማያሾልክ መሆን አለበት። ትረካ ወይም ፖድካስት ብቻ ከሆነ በኪው2ዩ እጀምራለሁ። ቁም ሳጥንና ምንጣፍ ያለው ጸጥ ያለ መኝታ ቤት ካለኝ ወደ ኤቲ 2035 እሄዳለሁ፤ አቅም ካለኝ ወደ ኤንቲ 1። ክፍሉን ሳላስተካክል ከ150 ዶላር በላይ ማይክ ላይ አላወጣም።

የድምፅ ዓይነትም ይታሰባል። ቀጭንና ብሩህ ድምፅ ያላት ዘፋኝ ብሩህ ኮንደንሰር ላይ ስትገባ ጆሮ ልትወጋ ትችላለች፤ ለእሷ ዳይናሚክ ያለሰልሳል። ድምፁ ወፍራምና የታፈነ የሚመስል ወንድ ደግሞ ከኮንደንሰር ይጠቀማል። ይህን ወረቀት ላይ ከመወሰን ግን ሁለቱንም ተውሶ መሞከር ይሻላል። ማይክ ያለው ጓደኛ አይጠፋም።

ፎርጅዱን መለየት

ኤስኤም 58 በጣም ከሚገለበጡ ማይኮች አንዱ ነው። ሣጥኑ፣ ቦርሳው፣ መያዣው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ አትፍረዱ። መጀመሪያ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ኦርጅናሉ 298 ግራም ነው። ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ቀጥሎ ሳውንድ ካርድ ላይ ሰክታችሁ እጀታውን በጣት መታ መታ አድርጉ። ኦርጅናሉ ውስጡ ንዝረት የሚቀበል ነገር ስላለው ደብዘዝ ያለ ድምፅ ነው የሚያሰማው፤ ፎርጅዱ "ጓ ጓ" ይላል። ዋጋው ከኦርጅናሉ ግማሽ ከሆነ ምርመራም አያስፈልገውም።

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዱባይ ዘመድ ካላችሁ ማይኩን ከተፈቀደለት ሻጭ በደረሰኝ እንዲገዛ ንገሩት። አብሮ ጥሩ የኤክስኤልአር ኬብል ይጨምርበት። ስታንድ ግን አታስመጡ፤ ከባድ ነው፣ እዚህም ይገኛል። ማይኩ በእጅ ሻንጣ ይምጣ፤ በተለይ ኮንደንሰር ከሆነ።

ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ላፕቶፓችሁን፣ ሳውንድ ካርዳችሁንና የራሳችሁን ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ስንኝ ቀርባችሁ ዝፈኑ፣ ያንኑ ስንኝ ስንዝር ርቃችሁ ድገሙት፣ ከዚያ ከማይኩ ጀርባ ሆናችሁ ተናገሩ። ከጀርባ ስትናገሩ ድምፃችሁ በግልጽ ካልቀነሰ ማይኩን መልሱት። ሠላሳ ሰከንድ ዝምታም ቅዱ። ሱቁ ውስጥ ስለሚንጫጫ እዚያው ለመወሰን አትቸኩሉ፤ ፋይሉን ይዛችሁ ውጡና ጸጥ ያለ ቦታ ስሙት። ሻጩ ይህን ለማድረግ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።